መስታወቱ እስኪቀዘቅዝ

በቤተ ሙከራው ውስጥ «እትዬ ቆይ» ይሏቸዋል፤ ሰው ለመለካት በተጣደፈ ቁጥር «ቆይ!» ማለት ስለሚያበዙ ነው።

ሥራቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ነው፦ የሌንስ መስታወት በብርቱ ቅዝቃዜ ውስጥ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚሰብር መለካት። ከመስታወቱ የተቆረጠውን ፕሪዝም አየሩ ተመጥጦ በወጣለት የብረት በርሜል ውስጥ፣ ከመዳብ መያዣ ላይ ያስራሉ፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዘቅዙታል፤ ከዚያ ብርሃኑ የታጠፈበትን ማዕዘን በዓይናቸው አንብበው በመዝገባቸው ያሰፍራሉ። ልብስ ሰፊው ባላቸው «አንቺ ያገባሽው እኔን ሳይሆን ያንን በርሜል ነው» እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

በዚህ ሳምንት ታዲያ ይህን ሁሉ በራሱ የሚሠራ መሣሪያ ተተከለ። ቁጥሮቹም ከእሳቸው መዝገብ ከተዘጋጀው ሠንጠረዥ ጋር በአምስተኛው አሐዝ ላይ አልገጥም አሉ። የክፍሉ ኃላፊ ቁርጡን ተናገሩ፦ «እስከ ዓርብ ካልታረቁ የድሮው ሠንጠረዥ ይሰረዛል።»

እትዬ ቆይ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸውን ውኃ ሊበላው መሆኑ ታያቸው። እንደ ምንም ደፍረው መሣሪያውን ወደ ተከለው ወጣት መሐንዲስ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ መሣሪያህ መቼ ነው የሚለካው?»

«ቴርሞሜትሩ እንደረጋ ነዋ፣ ወዲያው።»

«ቴርሞሜትሩስ የት ላይ ነው የተጣበቀው?»

«መዳቡ ላይ።»

«እና መስታወቱን ማን ጠየቀው? መዳቡ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ መስታወት ግን እግሩን እየጎተተ ነው የሚከተለው። እኔ አርባ ደቂቃ እጠብቀዋለሁ።»

«አይ እትዬ! ‹ቆይ› ማለት ለምዶብዎት ነው እንጂ...»

«እንግዲያው ስታቀዘቅዘው ብቻ ሳይሆን ስታሞቀውም ለካው። በአንድ የሙቀት መጠን ላይ ሁለት ቁጥር ከመጣልህ መስታወቱ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው፤ ያኔ ትሰማኛለህ።»

ለካው። ሲቀዘቅዝ አንድ ቁጥር፣ ሲሞቅ ሌላ ቁጥር መጣ፤ የእሳቸው ከሁለቱ መካከል ቁጭ ብሏል። መሐንዲሱ ጭንቅላቱን አከከና አርባ ደቂቃውን በፕሮግራሙ ውስጥ አስገባ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አዲሶቹ ቁጥሮች ወጡ። ከአንድ መሥመር በቀር ሁሉም ከሠንጠረዡ ጋር ገጠሙ። እትዬ ቆይ የዚያን መሥመር መዝገብ ፈልገው ገለጡ፤ በኅዳጉ ላይ በራሳቸው እጅ «ናይትሮጅን ሊያልቅ ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ብቻ ተጠበቀ» የሚል ሰፍሯል።

ኃላፊው በትከሻቸው ላይ አሻግረው አዩና ሳቅ አሉ። «ሠንጠረዡ ተርፏል እኮ፤ ይህቺን እንለፋት። ማን ያያታል?»

«እኔ አይቻታለሁ፣ ጌታዬ» አሉ እትዬ ቆይ። በሠንጠረዡ ላይ የራሳቸውን ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው፣ ከጎኑ የመሣሪያውን ቁጥር ጻፉና ፈረሙበት።