ፌዛንቱ ከነጅራቱ

በደርግ ዘመን ለንደን ስኖር፣ እናቴ በሕይወት መኖሬን የምታውቀው በወፍ ፎቶ ነበር።

አዲስ አበባ ሳለሁ የጋዜጣ ሪፖርተር ነበርኩ። የወጣሁት ማንንም ሳልሰናበት ነው። ከውጭ የሚገባ ፖስታ እንደሚከፈት ስለማውቅ ደብዳቤ አልጻፍኩላትም፤ መልኬ ያለበት ፎቶም አልላክሁም። ኤድመንተን በሚባለው የለንደን ሰፈር፣ ከምሠራበት መጋዘን ጀርባ፣ ወንዝ ዳር ሰፊ ረግረጋማ ሜዳ አለ። እዚያ ፌዛንት የሚባል የዱር ወፍ ይኖራል። ከቆቅ ይተልቃል፤ የወንዱ ፊት ቀይ ነው፤ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት አለው፤ ጅራቱ ረጅም ነው። እሑድ እሑድ ማለዳ ካሜራዬን ይዤ እሄድ ነበር። ፀሐይዋን ከጀርባዬ አድርጌ ስቆም ጥላዬ ከፊቴ ሣሩ ላይ ይዘረጋል። ወፉን ሳነሳ ጥላዬንም አስገባዋለሁ። ፎቶውን ለእናቴ እንዲደርስ፣ በአንድ የፈጠራ የእንግሊዝ ላኪ ስም ለጎረቤታችን እልካለሁ። ፖስታውን የሚከፍተው ሰው የሚያየው ወፍ ነው። እናቴ ግን ገብቷታል።

አንድ መንገደኛ መልእክቷን በቃል ይዞልኝ መጣ፦ «ቆቁ ያምራል፤ ጥላው ግን ከስቷል፤ ይብላ። ደግሞ ወንዱን ከነጅራቱ አሳየኝ እንጂ፤ ሁልጊዜ ግማሹን ነው።»

እውነቷን ነው። ፌዛንት ሰው ካየ ሣር ውስጥ ይሸሸጋል፤ ፎቶዬ ላይ ወይ ራሱ ወይ ጅራቱ ይጎድላል። ከዚያ ወዲህ ሙሉውን ወፍና ሙሉ ጥላዬን በአንድ ፎቶ ማስገባት ዋና ጉዳዬ ሆነ።

አብረውኝ የሚኖሩት ሽማግሌ የአስመራ ሰው ነበሩ፤ አማርኛ የተማሩት ተማሪ ቤት ነው። የእናቴ መልእክት ሲነገረኝ አብረውኝ ሰምተዋል። ቀልድ ይወዳሉ።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ዛሬም ዶሮ ልታባርር ነው?»

«ዶሮ አይደለም ጋሼ። ቢሰማዎት ይቀየማል።»

«እንግዲያው ይዘኸው ና፤ ቀምሰን እንለየዋለን!»

ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ቀልዳቸው ድንገት ቆመ። ስወጣ እስከ በሩ ይሸኙኛል። አንድ ቀን ሸሚዜን ተኩሰውልኝ አገኘሁት። ስልክ ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ወሬ ማሽተት ሙያዬ ነበር፤ ይሄንን ግን የራሳቸው ጭንቀት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በዓል ሲቃረብም አይነገርም። የአገሬ ሰዎች ፋሲካ እስኪያልፍ ጠበቁልኝ። ከዚያ ከሌሎቹ የለንደን ሰፈሮች፣ ከዌምብሊም ከፊንስበሪ ፓርክም ተቀጣጥረው፣ ምግቡን ተሸክመው፣ እሑድ በማለዳው አውቶቡስ መጡ። ከቤት ሳልወጣ ሊደርሱብኝ ነበር ሐሳባቸው። እኔ ግን ሰማዩ ጠርቶ ስላየሁ ከወትሮው ቀድሜ ሄጃለሁ።

በዚያ ማለዳ ፌዛንቱ ከሣሩ ወጣ። ከጥላዬ ራስ አጠገብ ቆመ፤ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ጮኸና ክንፉን አርገፈገፈ። ከራሱ እስከ ጅራቱ ሙሉ ነበር። ጥላዬም ሙሉ ነበር። የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ። እናቴ ስታየው የምትለውን እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ወዲያው ወፉ በርግጎ ተነሣ። ዞር ስል ሦስት ወንዶች ጫማቸው ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ ወደ እኔ ይመጣሉ። ከፊት ያሉት አብረውኝ የሚኖሩት ሽማግሌ ናቸው፤ ከካፖርታቸው በላይ ነጠላ ደርበዋል።

«እናቴ ናት?» አልኩ።

«ወደ ቤት እንግባ፣ ልጄ።»

«መቼ ነው?»

«እንግባ።»

«ጋሼ፣ መቼ ነው?»

«ሁዳዴ ሳይገባ» አሉኝ፤ ፊታቸውን አዞሩ።

ሁዳዴውን ሙሉ ፎቶ ስልክላት ነበር። ፎቶዎቹ ማን እጅ እንደቀሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለቅሶው አልፎ ሰው ወደየሥራው ሲመለስ ፊልሙን አሳጠብኩ። እንደ ልማዴ ፖስታ ከመሳቢያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወሰዱት። አቅርበው አዩት።

«ከነጅራቱ ነው» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ጥላዬ ላይ አሳረፉ። «አልከሳህም።»

ፖስታውን ወደ መሳቢያው መለስኩት።