ሳይቀመጡ የሚጠብቁት ሽማግሌ

እሑድ እሑድ አውስትራሊያ ወዳለው የናራንዴራ የበረራ ሜዳችን የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ቁምጣቸው በካውያ የተተኮሰ ነው፤ ካልሲያቸው ጉልበታቸው ድረስ ይደርሳል። የሽርሽረኞች ትኬት ባይደግፈው ኖሮ ድሮ ሙዚየም ይገባ የነበረው ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላናችን ዘይት ሲያንጠባጥብ፣ የሕፃን አፍንጫ እንደሚጠርግ ሰው በስስት ይወለውሉታል። የተሳፋሪውን ቀበቶ ሁለት ጊዜ ስበው ይፈትሻሉ፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ተሳፍረው አያውቁም።

አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ አጥሩን ተከትለው ይመላለሳሉ። ክንፉ ከዛፎቹ ጀርባ ሲሰወር የባርኔጣቸውን ጫፍ ያሻሉ። ለሩብ ሰዓት ሽርሽር እንዲህ ከሆኑ፣ ሲድኒ ድረስ ቢበር አጥሩም አይተርፍም ነበር።

ሻይ የምታፈላልን እኩያቸው ኖሪን ዛሬ ሁለት ኩባያና አንድ ወንበር ይዛ መጣች።

«አንተ ሰው፣ ተቀመጥ እንጂ! ሣሩን እኮ ረግጠህ ጨረስከው። አንተ ስለቆምክ ነው እንዴ የሚበረው?»

«አንድ ቀን ተቀምጬ ነበር» አሉ ዓይናቸውን ከሰማዩ ሳይነቅሉ። «ወንድሜ ነበር የሚያበረው።»

ኖሪን ወንበሩን አጠፈችና አጠገባቸው ቆመች። አውሮፕላኑ ሲያርፍ የሁለቱም ሻይ ቀዝቅዞ ነበር።