ሳምቡሳ ሻጯ ፕላኔት

ዛሬ እኔና ተማሪዎቼ እትዬ ዘይነባን «አስተግፊሩላህ!» አሰኘናቸው።

ፕላኔቶች በጥንት ሮማውያን አማልክት ስም እንደተሰየሙ አስተማርኩና፣ «እናንተ ብትሆኑ ማን ትሏቸው ነበር?» አልኩ።

ለፀሐይ የምትቀርበውን ሜርኩሪን በሞቃቷ ከተማችን ስም «ሸዋ ሮቢት» አሏት። (ከደብረ ብርሃን ብርድ ተመድቤ ለመጣሁት ለእኔ አልተጋነነም።)

ብዙ ጨረቃዎች የሚዞሩትን ጁፒተርን ግን በትምህርት ቤታችን በር ላይ ሳምቡሳ በሚሸጡት በእትዬ ዘይነባ ስም ሰየሙት። በእረፍት ሰዓት እሳቸውን የማይከብ ተማሪ የለማ!

ስወጣ ስያሜውንም የጨረቃዎቹንም ነገር አበሰርኳቸው። «ጁፒተር ደግሞ ማነው?» አሉኝ። «የአማልክት ንጉሥ ነበር» አልኳቸው።

«አስተግፊሩላህ! እንዴ ልጄ፣ ጣዖት ልታደርጉኝ ነው? ስሙን ለባለቤቱ መልሱ። ጨረቃዎቼን ግን እንዳትነኩብኝ።»

እናንተስ፣ በትምህርት ቤታችሁ በር ላይ ማንን ስትዞሩ አደጋችሁ?