የሺጥላ ከወሰን የነቀለው ሰማያዊ ድንጋይ

የሺጥላ ቡሬ ውስጥ የታወቀ አናጢ ነው፣ አናጢ ሲሉት ግን ይከፋዋል። ድንጋይ ሰብሳቢ ነኝ ነው የሚለው። ድንጋይ ስል ደግሞ ዝም ብሎ ድንጋይ እንዳይመስላችሁ! ሲያዩት ግራጫ ነው፤ ውሃ እየነከረ በብርጭቆ ወረቀት ሳምንት ሙሉ ሲፈትገው ግን ልክ እንደ እርግብ አንገት ሰማያዊ ብልጭ ይላል። ከአንድ በኩል ብቻ ነው ታዲያ፣ ዞራችሁ ከቆማችሁ ያው ድንጋይ ነው። እኔም ጓደኛው በዚህ ነው ያበድኩት።

ሚስቱ እልፍነሽ፣ «ድንጋዩን አልጋ ላይ፣ እኔን መደብ ላይ» ትላለች። እውነቷን ነው፣ አይቻለሁ።

በ1998 ዓ.ም. የሺጥላ ገጠር በር ገጥሞ ሲመለስ ማሳ መሃል ግማሹ የተቀበረ ድንጋይ አየ፤ ጫፉ ያበራል። ነቅሎ በጆንያ አዝሎት መጣና አሥራ አምስት ቀን ፈተገው። የበሬ ጭንቅላት ያክላል። እንደሱ ያለ አይቼ አላውቅም።

ለካ ወሰን ኖሯል። መሬት ተለክቶ ደብተር ሲሰጥ በአቶ ባምላኩና በወይዘሮ አስካለ ማርያም ማሳ መካከል ሽማግሌ የተከለው ነው። ሁለቱ «አንተ ነህ የነቀልከው»፣ «አንቺ ነሽ» ተባብለው ዱላ ሊማዘዙ ደርሰዋል። የሺጥላ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። እኔን አስከትሎ፣ ድንጋዩን ተሸክሞ ሄደ።

ሽማግሌው አባ ሃይለ ሚካኤል ጆንያውን ገለጥ አድርገው አዩት።

«ምን ቀባኸው?»

«ምንም አባ። ፈተግሁት እንጂ።»

«ወሰን ይፈተጋል?»

ተተከለ። ሰማያዊው ወደ ባምላኩ ማሳ በራ። አስካለ ማርያም ነጠላቸውን አጠበቁ።

«ለእሱ እየሳቀ ለእኔ ጀርባውን?»

«መሬትሽ አልጎደለ፣ ምን አነሰሽ እታለም?»

«እንግዲያ ይዙራ፣ አያ ባምላኩ።»

«አይዞርም።»

አንዱ ሽማግሌ «ለሁለት ይፈለጥ» አለ። ይሄኔ የሺጥላ ሄዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠበት።

«መጀመሪያ እኔን ፍለጡኝ» አለ። ቀጥሎ ወደ አቶ ባምላኩ ዞሮ፣ «እኔ እየመጣሁ አዞረዋለሁ። ስድስት ወር ወደሳቸው፣ ስድስት ወር ወደርስዎ።»

ሽማግሌዎቹ እስከ ከሰዓት መከሩ። ከዚያ «ዋስ ጥራ» ተባለ። እኔን ጠራ።

ይኸው በየመስከረሙና በየመጋቢቱ እንሄዳለን። የሺጥላ ያጥበዋል፣ ኑግ ዘይት ያስነካዋል፣ ያዞረዋል። ባለፈው መጋቢት ወደ አስካለ ማርያም ለማዞር ሁለት ቀን ዘግይተን ደረስን። እሳቸው ማሳው ጫፍ ቆመው ይጠብቃሉ።

«ሁለት ቀኔን በላችሁኝ» አሉ።

በነገሩ ሽማግሌ ተቀመጠበት። መስከረም ላይም ሁለት ቀን ዘግይተን እንድንሄድ ተፈርዶብናል።