ፑንቴሎው የቆመበት መሬት

በሽንት ቤት የኮራሁት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው።

ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ላይ ትንሽ ድልድይ እየሠራን ነበር። አርማታ እስኪደርቅ በራሱ አይቆምም፤ እስከዚያ የሚሸከሙት ፑንቴሎ የምንላቸው የብረት ምሰሶዎች ናቸው። እነሱን መርምሬ ካልፈረምኩ አርማታ አይሞላም፤ ሥራዬ ይኸው ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ሁሉንም ነካክቼ፣ ልፈርም ስል ቀና አልኩና ጽዱን አየሁት።

የኛ ግቢ ጽድ! ያደግኩበት ሰፈር ፈርሶ ስለተደለደለ ግቢያችን የቱ ጋ እንደነበር ጠፍቶብኝ ከርሟል። ከዚህ አቅጣጫ ሳየው ግን ልክ ከድሮው በራችን ላይ የቆምኩ ያህል ነበር። ጽዱ አጠገብ ደግሞ ግቢው በሙሉ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሽንት ቤት ነበር። ጉድጓዱ ከምሰሶዎቹ ሥር ቢሆንስ? እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ሽንት ቤታችን ከጽዱ በየት በኩል ነበር?»

«በስመአብ! ሥራ ቦታ ሆነሽ ይሄን ነው የምትጠይቂኝ?»

«በናትሽ ቶሎ በይ!»

«ወደ ወንዙ ነዋ፣ ወረድ ብሎ። ጥልቀቱ እኮ...»

ሳትጨርስ ዘጋሁባት። የሳይቱ ኃላፊ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አርማታ የጫኑት መኪኖች ቄራ ደርሰዋል እያሉ ይጣደፋሉ።

«ጋሼ፣ ያስቁሟቸው። እዚህ ምሰሶ ሥር ጉድጓድ አለ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ገረጋንቲ አፈር ፈሶበት ተጠቅጥቋል። በቃ ፈርሚ!»

ምሰሶው አርማታ ተሸክሞ ቢሰምጥ፣ ድልድዩ የሚወርደው ታች ባሉት አናጺዎች ላይ ነው። እኔ ደግሞ ሲገፉኝ ይብስብኛል።

«አልፈርምም። መጀመሪያ በድጅኖ ይሞከር!»

አንዱ አናጺ ድጅኖውን ከምሰሶው አጠገብ ሰነዘረ። ቀጭ! ድንጋይ። ኃላፊው ፈገግ አሉ። እኔም ፊቴ ቀላ፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ «ትንሽ ወደ ወንዙ ጠጋ አድርገው» አልኩት።

ድጅኖው ገረጋንቲውን በስቶ ዋጥ አለ፤ አናጺው ራሱ ተከትሎት ሊወድቅ ነበር። ከዚያ ሽታው መጣ።

«ይኸው! ይኸው የኛ ሽንት ቤት!» ብዬ እየዘለልኩ አጨበጨብኩ። በዚያ ሽታ እንደዚያ የተደሰተ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኃላፊው አፍንጫቸውን ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ስልክ አውጥተው መኪኖቹን መለሱ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ።

ድጅኖውን የያዘው አናጺ ብቻ አልሳቀም። የተበሳውን መሬት ቁልቁል እያየ፣ «እህቴ፣ አርማታው ሲሞላ ምሰሶዎቹን እንድጠብቅ የታዘዝኩት እዚህ ቆሜ ነው» አለኝ።

ማጨብጨቤን ትቼ ሄጄ አቀፍኩት።