የአዋላጇ መኪና ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣ

እትዬ ጌጅ እንላታለን። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ጋራዥ ስትሠራ ከእጇ የማይለየው የነዳጅ ግፊት መለኪያው፣ ጌጁ ነው፤ ስሙም ከዚያ ወጣላት። የታመመ ሞተር ሲመጣ እኛ ኮፈን ከፍተን ስንከራከር፣ እሷ ጌጇን ገጥማ ቀስቷን ዝም ብላ ታያለች። ከዚያ አንድ ነገር ትናገራለች፤ ቃሏ ደግሞ መሬት ጠብ አትልም። እውነቱን ልናገርና፣ ያንን ጌጅ ለዓመታት ተመኝቼዋለሁ። ከእሷ ቀጥሎ ያለሁት መካኒክ እኔ ስለሆንኩ፣ እሷ ዞር ካለች ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

ምኞቴ እውን ሊሆን የተቃረበው የአዋላጇ መኪና ሲመጣ ነው። አዋላጇ ከመንደር መንደር እየነዳች ምጥ ለያዛቸው ሴቶች የምትደርስ ሴት ናት። መኪናው መንገድ ላይ ይንገጫገጭና ይጠፋባታል፤ ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ጨዋ ነው፤ የጌጁ ቀስት ቀጥ ብላ ትቆማለች። የነዳጅ ፓምፑን ቀየርን፣ ተመልሶ መጣ። የነዳጅ ፊልትሮውን ቀየርን፣ ተመልሶ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ አዋላጇ አልተቆጣችም፤ ቁጣው ይሻለን ነበር።

«ትናንት እኔ መንገድ ላይ ቆሜ ልጁ ያለ እኔ ተወለደ» አለች። «ደህና ናቸው። ሁልጊዜ ግን ደህና አይሆንም።»

የጋራዡ ባለቤት ጋሼ የመለዋወጫ ክፍሉን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አንስተው እትዬ ጌጅ ፊት አንቃጨሉት።

«ስሚ፤ ይሄ መኪና ለአራተኛ ጊዜ በዚህ በር ከገባ፣ ጌጁን ለእሱ ታስረክቢና አንቺ መለዋወጫ መስኮቱ ላይ ትቀመጫለሽ።»

«ለእሱ» ሲሉ በአገጫቸው ያሳዩት እኔን ነው። አንገቴን ደፋሁ። ያዘንኩ ለመምሰል ነው እንጂ ሆዴ ይስቅ ነበር።

እትዬ ጌጅ አዋላጇን ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና፣ ስንት ደቂቃ ስትነዳ እንደሚጠፋ፣ ዳገት ላይ ይሁን ሜዳ፣ ቆሞ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ እያለች በጥያቄ አጣደፈቻት። ከዚያ ረጅም ቱቦ ቀጥላ ጌጁን ከኮፈኑ ሥር አወጣችና ከፊት መስታወቱ ውጭ በፕላስተር ለጠፈችው።

«እዚህ አያመውም። የሚያመው ቦታ ድረስ አብረነው እንሂድ» አለች። ጋሼም እኔን ለምስክርነት ኋላ ወንበር ላይ ጫኑኝ።

አዋላጇ ትነዳለች፤ እትዬ ጌጅ ዓይኗን ከመስታወቱ አትነቅልም። ሃያ ደቂቃ ቀስቷ ንቅንቅ አላለችም። የአስፋልቱን መጨረሻ አልፈን አቧራው ሲጀምር ግን መንቀጥቀጥ ጀመረች። ወረደች፣ ዘለለች፣ እንደገና ወረደች። ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ጠፋ።

«የግፊት መቆጣጠሪያው፣ ሬጉሌተሩ ነው» አልኩ፣ እንደ አዋቂ። ሁለቱም ዞር ብለው አላዩኝም።

ጋራዣችን አንድ ደንብ አለው። ደንበኛ በኋላ ነዳጄን ቀዳችሁብኝ እንዳይል፣ መኪና ገና በሩ ላይ ሳለ የነዳጁን ክዳን ከፍተን ምልክት ያለበት ቀጭን ዘንግ እናስገባና ልኩን አብረን እናያለን። ደንቡን ያወጣችው እትዬ ጌጅ ራሷ ናት፤ ጠብ ያስቀረሁ እኔ ነኝ እያለች ትኮራበታለች። እንግዲህ እጄ ለምዶበት፣ ምናልባት ነዳጅ አልቆ ይሆናል ብዬ ወርጄ ክዳኑን ፈታሁት። ፍሽሽሽ ብሎ አየር ሳበ። ሰማሁ፤ ከቁብም አልቆጠርኩት።

«እስቲ አስነሺው» አለች እትዬ ጌጅ ከፊት። ሞተሩ ባንዴ ተነሳ፤ ቀስቷም ወጥታ ቀጥ አለች።

ወርዳ ወደ እኔ መጣች። «ምን ነካህ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም? አንድ ነገር ነክተሃል።»

«ኧረ ክዳኑን ብቻ ነው የከፈትኩት።»

ከእጄ ነጥቃ አገላብጣ አየችው፤ በአፏ ነፋችው። አየር አላሳልፍ አላት። ክዳኑ የራሱ የመኪናው እንደሆነ አዋላጇን ጠየቀቻት።

«አይደለም። ምጥ ነው ብለው ሲደውሉልኝ ተጣድፌ የድሮውን ማደያው ላይ ረሳሁት። ይሄን በኋላ ገዛሁ፤ ልክክ አለልኝ።»

«ልክክስ ብሏል፤ መተንፈሻ የለውም እንጂ» አለች እትዬ ጌጅ። «ነዳጁ ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባ ፓምፑ ምኑን ይገፋል? እኛ ደግሞ በመጣ ቁጥር በር ላይ ክዳኑን ከፍተን እናስተነፍሰዋለን። ሦስት ጊዜ ሕመሙን በገዛ እጃችን አባረን፣ ሦስት ጊዜ ምን ሆነ እያልን ፈለግነው።» ከዚያ «ደንቡ ደግሞ የእኔ ነው» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። በገዛ ጆሮዬ የሰማሁትን ድምፅ እሷ ከቀስት ላይ አንብባ ደረሰችበት። አፈርኩ።

መተንፈሻ ያለው ክዳን ገጠምንና ያንኑ መንገድ ሁለት ጊዜ ተመላለስንበት። ቀስቷ ወይ ፍንክች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ፣ የአዋላጇ መኪና በሩን አልፎ ገባ። ሁላችንም የያዝነውን መፍቻ አስቀመጥን። ጋሼ የመለዋወጫ ክፍሉን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አነሱ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ልቤ ስንጥቅ አለ፤ ራሴን ታዘብኩት። እትዬ ጌጅ ጌጇን በጨርቅ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ እጇንም ጠረገች።

አዋላጇ ወረደች። የሁላችንንም ፊት አየችና ግራ ተጋባች።

«ምነው፣ ዘይት ለመቀየር ቀጠሮ ያስፈልጋል እንዴ?»

«ጠፋብሽ ወይ?» አሉ ጋሼ።

«የት ጠፍቶ! አሥራ አንድ ልጅ አዋልጄበታለሁ።»

ጋሼ ቁልፉን እንደያዙ ቀሩ። መልሰው እንዳይሰቅሉት አፈሩ፤ እንዳይሰጡት ለማን ይሰጡታል? እትዬ ጌጅ ጌጇን ከጨርቁ ፈታ አንገቷ ላይ ጣል አደረገችና ኮፈኑን ከፈተች።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ከያዙት አይቀር፣ እስቲ አንድ የዘይት ፊልትሮ ያውጡልን» አለች።

ሄደው አወጡላት።