የዑሙልኸይር ተራ

ዑሙልኸይር ሰው አትጠላም። ከሚሴ ገበያ ላይ ሰሌንና ገመድ ስትሸጥ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ለቆላውም ለደጋውም ገበያተኛ በየቋንቋው ሰላምታ አላት፤ ጎረቤት ሲታመም ቀድማ የምትደርሰውም እሷ ናት። በዚህች ምድር ላይ አንጀቷን የምታሳርራት አንዲት ሰው ብቻ ናት፦ ጨፋ ሮቢት የምትኖረው ጣውንቷ፣ ሪሀና።

ባላቸው ጀይላን በደህናው ጊዜ የሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሪሀናን በላይዋ ሲያገባ በሽማግሌ ፊት ቃል ገባ፤ ሦስት ቀን ከሚሴ፣ ሦስት ቀን ጨፋ ሮቢት፣ ያለ ማበላለጥ። ቃሉን አጠፈ የሚል የለም። አንድ ክረምት መንገድ ተዘግቶበት ሮቢት አንድ ሌሊት ትርፍ ቢያድር፣ ያቺን ሌሊት በሚቀጥለው ተራ ለዑሙልኸይር መልሶላታል። ታዲያ ቅናት መቼ ፍርድ ታውቅና! ዑሙልኸይርን የሚያንገበግባት የሌሊቱ ቁጥር አይደለም፤ አካሄዱ ነው። በሦስተኛው ቀን ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ጨዋታ አይጥመውም፤ ዓይኑ ከበሩ ላይ አይነሳም። ይተጣጠባል፣ የታጠበ ሸሚዝ ይለብሳል፣ የከሰዓቱን የአስር ሶላት እንደሰገደ ከዘራውን አንስቶ ውልቅ ነው። እሷ ሰሌኗን እየጠቀለለች በጎን ታየዋለች። «ምን ብታበላው ነው እንዲህ የሚያስሮጠው?» ትላለች በሆዷ። ይህንን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየስድስት ቀኑ ብላዋለች።

ሁለት ዓመት ሆነው፣ ጀይላንን ግራ ጎኑን ያዘው። ምላሱም ተሳሰረ፤ ከ«እህ» እና ከ«አልሐምዱሊላህ» በቀር የሚወጣው ነገር የለም። ተራው ግን አልቀረም። ቀኑ ሲደርስ በባጃጅ ጭነው ከከሚሴ ሮቢት፣ ከሮቢት ከሚሴ ያመላልሱታል። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ጀርባው ላይ ቁስል ወጣ። የጤና ባለሙያዋ አይታ ተቆጣች፤ አንድ ቦታ ይተኛ፣ በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጠው ጉልበት ያለው ሰው ይኑር አለች።

ኮምቦልቻ የሚያስተምረው የዑሙልኸይር ልጅ ሲራጅ መጣና ሁለቱንም ሚስቶች፣ ከጎረቤትም ሼህ ሙሀመድኑርን ሰበሰበ። «አባ አንድ ቤት ይረፍ» አለ። «የትኛው እንደሚሻለው ደግሞ እኛ አንፈርድም። ቀኝ እጁ ደህና ነው፤ እሱኑ እንጠይቀውና ይጠቁመን።»

ዑሙልኸይር የባሏን ቀኝ እጅ አየች። ያ እጅ ወዴት እንደሚጠቁም ለእሷ ማን ይነግራታል? አራት ልጅ የወለደችለት፣ ጥርሷን ነክሳ ያኖረችው ሴት፣ በሰው ፊት፣ ለዚያውም በሪሀና ፊት ልትጣል ነው። እጁ ከፍራሹ ሳይነሳ ቀደመችው።

«ምን ያስጠይቃል? እኔ ወገቤ አይችል፣ እሷም ብቻዋን ናት። ኮምቦልቻ አዲስ የተከፈተው መጦሪያ ይግባ። ነርስም አልጋም አለው።»

በዚያ አገር አባወራን መጦሪያ ማስገባት ደፋር ነገር ነው፤ ሰፈሩ «ጀይላን ልጅ አልወለደም እንዴ?» እንደሚል ሁሉም ያውቃል። ሼህ ሙሀመድኑር ግን ጢማቸውን ደባብሰው፣ ለባሏ ጤና ስትል የሰው አፍ ያልፈራች ሴት ብለው መረቋት። ዑሙልኸይር ምርቃቱን አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ያለችውን አህያ የሚያውቅ ሰው ግን ያን ቀን ልቧን ቢያያት አይመርቃትም ነበር።

ሲራጅ ከመጦሪያው ቅጽ አመጣ። ለባለቤት ስም ያለው ቦታ አንድ ነው፤ እስኪለምድ አብሮት የሚቆየውም በዚያ ቦታ ስሙ የተጻፈው ሰው ብቻ ነው። ሲራጅ እስክሪብቶውን ይዞ አመነታ።

«የሁለታችሁንም ልጻፍ?»

«ቦታው አንድ ነው አላልክም? የመጀመሪያዋን ጻፍ።»

ጻፈ። ማንበብ ስለማትችል ስሟ የቱ ጋ እንዳለ በጣቱ አሳያት። ሌላ ስም አለመኖሩን ደግማ ጠየቀችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዑሙልኸይር በዚያ ሳምንት ከወረቀቱም ከሞኙም ብሳ ነበር። ሽርጡን፣ ቆፍያውን፣ መስገጃ ሙሰላውን ስታዘጋጅ ደስ ደስ ይላት ነበር ብል አልዋሽም። አንድ ነገር ብቻ ከነከናት፤ ደህና ደህና ልብሶቹ ሮቢት ናቸው።

በመሄጃው ቀን ጠዋት መኪናው ደጅ ቆሞ ሳለ ሪሀና ልብሶቹን ይዛ ደረሰች። «አካም ቡልተን፣ እትዬ» ብላ የጠዋቱን ሰላምታ በኦሮምኛ አቅርባ ጎንበስ አለች። ሸሚዞቹ ተተኩሰዋል፣ የላላው ቁልፍ ሁሉ ጠበቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። ዑሙልኸይር ተቀበለቻትና አንዱን ሸሚዝ ገለበጠችው፤ እንከን ፈልጋ አጣች።

ሪሀና ሊሸኙ የመጡት ሼህ ሙሀመድኑር እንዲሰሙ ወደ እሳቸው ዞራ ተናገረች። «ሼህዬ፣ ምስክር ይሁኑኝ። ተራዬን ለእትዬ ሰጥቻለሁ። ሦስቱም ቀን፣ የቀረ ዕድሜያቸው ሁሉ የእርሷ ነው። ብቻ ሰው እጅ አይሂዱ፤ እዚሁ ቤታቸው ይሁኑ። እኔ ጠዋት ጠዋት በባጃጅ እየመጣሁ አጥቤ፣ አገላብጬ፣ ማታ እመለሳለሁ።»

«በሸሪዓው ይቻላል» አሉ ሼሁ ቀስ ብለው። «ሴት ተራዋን ለጣውንቷ መስጠት ትችላለች።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዑሙልኸይር ዱዓ ያደረገችበት ነገር ደጇ ድረስ መጣ። ደስታው ግን አልመጣም። እንዴት ሰጠች? የጠገበ ነው የሚሰጠው፤ ልቡ የእሷ ባይሆን ቀኑን እንዲህ ትጥለው ነበር? ከጣውንት እጅ ባልን እንደ ሰደቃ መቀበል ደግሞ ምን ዓይነት ውርደት ነው?

«ምን አስቸገረሽና ነው የምትሰጪኝ?» አለቻት። «ታከተሽ?»

«ወላሂ አልታከተኝም። እሳቸው ስለሚሹዎት ነው እንጂ። እኔ ቤት ሦስተኛው ቀን ሲደርስ ከዙህር ጀምሮ የእኔ አይደሉም። ዓይናቸው በሩን ነው የሚያይ። ድሮ በእግራቸው ሳሉም ያው ነበሩ፤ ተጣጥበው፣ አምረው ወደ እርስዎ ነው የሚሮጡ። ስንት ጊዜ ኩሽና ገብቼ አልቅሻለሁ መሰለዎ።»

ዑሙልኸይር አንዲት ቃል አላመነቻትም። ሽንገላ ነው አለች፤ ጣውንት ስትስቅልሽ ኪስሽን ፈትሺ አለች በሆዷ። «ወረቀቱ ተፈርሟል» ብላ መኪናው ውስጥ ገባች። ሪሀና የጀይላንን እጅ ስማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ደጅ ቀረች። መንገድ ላይ እስካለችው ሀርቡ ድረስ ዑሙልኸይር ወደ ኋላ አልዞረችም።

መጦሪያው ንጹህ ነበር። አሚራ የምትባል ነርስ ጀይላንን በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠዋለች፤ ቁስሉም በሁለተኛው ቀን መድረቅ ጀመረ። ዑሙልኸይር ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ አጎረሰችው፣ እግሩን አሸችለት፣ የገበያ ወሬ አወራችለት። ማንም አይቀማትም። በሁለተኛው ቀን ፈገግ አለላት፤ ጉንጯ ላይ እጁን አሳረፈ። እንደ ሙሽራ አፈረች።

በሦስተኛው ቀን ዙህር ተሰገደ። ጀይላን ፊቱን አዞረ፤ ዓይኑ በሩ ላይ ተተከለ። ወሬዋን አልሰማም፣ ጉርሻዋን በእጁ መለሰ። በደህናው እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ይታገል ጀመር። ዑሙልኸይር ያ የድሮው እሳት ከእግር ጥፍሯ ተነሳ። እዚህም? ቅጹ ላይ ስሟ ያልተጻፈ ሴት እዚህም ትወስደዋለች?

«በሩን እንዲህ የሚያየው ማንን ፈልጎ ነው?» አለች አሚራ እየሳቀች። «ሰው ቀጥሯል እንዴ?»

ዑሙልኸይር እሷም ዞራ በሩን አየች። ከሮቢት ሲነሳ እንዴት እንደሚሆን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ያየችው ጀርባውን ነው። ፊቱን ያየችው ወደ እሷ ሲመጣ ነው፤ እሱንም ልብ ብላ አይታው ከሆነ። ሪሀና ኩሽና ገብታ ያለቀሰችበትና እሷ ሰሌን የጠቀለለችበት ያው አንድ ዓይን፣ ያው አንድ በር ቢሆንስ?

ተነሳች። የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈችለት። ከዚያ ቢሮ ገብታ አሚራን ቅጹ ላይ ከስሟ ሥር የሪሀናን ስም እንድትጽፍላት አደረገች። ቦታ የለም ብትላት «ጠርዙ ላይ ጻፊው» አለቻት። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ሪሀና» አለች። «ተራሽ ደርሷል፤ ነይ።»

«ለእርስዎ ሰጥቻለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«አልቀበልም። ደግሞ ሦስት ቀን ነው፣ አራት እንዳታደርጊው። በሦስተኛው ቀን በአስር ሶላት በሩ ላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ሪሀና፤ ድምጿ ውስጥ እንባ ነበር። «እሳቸውም ያውቁታል።»